ልዩነቱ የአጋጣሚ ነውን?
የድርሻና የልይይት ፈተና ታሪክ፣ በአማራ ክልል ከተደረጉ የትራኮማ ጥናቶች አንጻር

በምዕራብ ጎጃም፣ በሰከላ ወረዳ፣ ከግሽ ተራራ ግርጌ የሚፈልቀው የግሽ ዓባይ ምንጭ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና ይወርዳል፤ ከጣናም በባሕር ዳር አጠገብ ታላቁ ዓባይ ሆኖ ይወጣል። ስሙ ከውሃ ጋር ተያይዞ በሚነሣው በዚህ አገር በብዙ መንደሮች የልጅን ፊት ደጋግሞ ለማጠብ የሚበቃ ውሃ ከደጃፍ አይገኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በመላ አገሪቱ የተካሄደው የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ልጆች መካከል በአገር አቀፍ ደረጃ 40.1 በመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 62.6 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሽታው በልጅነት ሲመላለስ ይኖርና የዓይን ቆቡን ውስጠኛ ገጽ በጠባሳ ይሞላዋል። ጠባሳው ሲኮማተር የዓይን ፀጉር ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ ዓይን በተርገበገበ ቁጥርም ኮርኒያን ይፍቃል። ትሪኪያሲስ የሚባለው ይህ ደረጃ በዚያው ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የአማራ ክልል ነዋሪዎች መካከል በ5.2 በመቶው ላይ ታይቷል፤ አገር አቀፉ ድርሻ 3.1 በመቶ ነበር።

ለተቀለበሰ ፀጉር መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው። ቀዶ ሕክምናውን በገጠር በአብዛኛው የሚሠሩት የዓይን ስፔሻሊስቶች ሳይሆኑ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ነርሶችና የተቀናጀ የዓይን እንክብካቤ ሠራተኞች ናቸው። አሠራሩ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው፣ ባይላሜላር በሚባለው፣ የዓይን ቆቡ ከቆዳው ጀምሮ እስከ ውስጠኛው ሽፋን ድረስ ዘልቆ ይቆረጥና ጠርዙ ወደ ውጭ እንዲዞር ተደርጎ ይሰፋል። በሁለተኛው፣ ፖስቴሪየር ላሜላር በሚባለው፣ ቆዳው ሳይነካ የኋላው ሽፋን ብቻ ተቆርጦ ይዞራል። በኦማን የተደረጉት የሬቸርና የባልደረቦቻቸው ሙከራዎች በ1990 እና በ1992 ከታተሙ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1993 ባይላሜላሩን የሚያስተምር መመሪያ አወጣ። ሁለተኛው አሠራር ግን ከሥራ አልወጣም፤ በኢትዮጵያም ሁለቱም ጎን ለጎን ሲሠራባቸው ቆይቷል።

በየትኛውም አሠራር ቢታከሙ ከታካሚዎቹ የተወሰኑት ተመልሰው ይመጣሉ። ፀጉሩ እንደገና ተቀልብሷል። የአንዱ ሠልጣኝ ታካሚዎች ከሌላው ይልቅ የሚመለሱ ከሆነ፣ ወይም ከአንዱ አሠራር በኋላ የሚመለሱት ከሌላው የበዙ መስለው ከታዩ፣ ምክንያቱ ምንድን ነው? አሠራሩ ነው ወይስ አጋጣሚ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሕክምና ግን መልስ የሚሰጥበትን ዘዴ እስኪያገኝ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ፈጅቶበታል።

የዚህ ዓይነቱን ፈተና ቀድመው ከሠሩት ሰዎች አንዱ ሐኪም መሆናቸው ለዚህ መጽሔት አንባብያን ሊነገር የሚገባው ነው። የእንግሊዝ ንግሥት አን ሐኪም የነበሩት ጆን አርበትኖት በ1710 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ከ1629 ጀምሮ በለንደን የተመዘገቡትን የ82 ዓመታት የሕፃናት ጥምቀት መረመሩ። በሰማንያ ሁለቱም ዓመታት ከሴቶች ይልቅ የተጠመቁት ወንዶች በዝተው አገኙ። ወንድ ወይም ሴት መበርከቱ እንደ ሳንቲም ውርወራ የአጋጣሚ ነገር ቢሆን ኖሮ፣ 82 ጊዜ በተከታታይ ወንዶች የሚበዙበት ዕድል አንድ ለ25 አኃዝ ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ አጋጣሚ አይደለም አሉ፤ አምላክ ሆን ብሎ ያደረገው ነው ብለውም ደመደሙ። የመጀመሪያው እርምጃቸው የማይነቀፍ ነው። ሁለተኛው ግን ከቁጥሩ የሚወጣ አልነበረም፤ አጋጣሚ አይደለም ማለት ምክንያቱ ይህ ነው ማለት አይደለምና። ይህ ስህተት ዛሬም በየጥናቱ የመደምደሚያ ክፍል ውስጥ ይገኛል።

ወደ ታካሚ አልጋ የቀረበው ጉዳይ ከመቶ ዓመት በኋላ በፓሪስ ተነሣ። ፒየር ሉዊ የተባሉት ሐኪም ደም ማውጣት በእርግጥ የሳንባ ምች ታማሚን ይጠቅማል ወይ ብለው ሕሙማንን መቁጠር ጀመሩ። በዘመኑ ይህ እንደ ድፍረት የሚቆጠር ነበር። ሕመሙ በጀመረ በአራት ቀን ውስጥ ደማቸው ከወጣ 41 ሕሙማን 18ቱ ሞቱ፤ ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ቀን ደማቸው ከወጣ 36 ሕሙማን ደግሞ 9ኙ። በመቶኛ 44 እና 25 ማለት ነው። ቀድሞ ደም ማውጣት ሕይወት ያድናል ይባል ለነበረበት ዘመን ይህ የሚያስደነግጥ ውጤት ነበር። ይሁንና ዛሬ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በሚያውቀው የሁለት ድርሻዎች ፈተና ቢሰላ፣ የ19 በመቶ ነጥቡ ልዩነት መደበኛ ስህተት 10.9 ነጥብ ይሆናል። ልዩነቱ የመደበኛ ስህተቱ 1.73 እጥፍ ብቻ ነው፤ እንደ ልማድ ከሚጠየቀው 1.96 እጥፍ አይደርስም። በእርግጥ ሉዊ ስለ ደም ማውጣት የተናገሩት ትክክል ነበር፤ በእጃቸው የነበሩት 77 ሕሙማን ግን ይህን ለመመስከር አይበቁም ነበር።

ይህን ጉድለት የተረዱት ሌላው ፈረንሳዊ ሐኪም ዡል ጋቫሬ ናቸው። በ1840 ባሳተሙት መጽሐፍ የሉዊን የታይፎይድ ሕሙማን ወስደው አሰሉ፦ ከ140 ሕሙማን 52 ሞተዋል፤ ይህም 37 በመቶ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ መጠን ያለ ናሙና የሚሰጠው ድርሻ ወደ ላይም ወደ ታችም 11.5 በመቶ ነጥብ ያህል ሊዋልል እንደሚችል አሳዩ። እውነተኛው የሞት ድርሻ 26 በመቶም 49 በመቶም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የጋቫሬ ምክር ግልጽ ነበር፦ ሁለት ሕክምናዎችን ለማነጻጸር ጥቂት ደርዘን ሳይሆን ብዙ መቶ ሕሙማን ያስፈልጋሉ። የዘመናቸው ሐኪሞች ግን አብዛኞቹ አልሰሟቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሒሳቡ ታሪክ በፍጥነት ይነገራል። ካርል ፒርሰን በ1900 የካይ-ስኩዌርን ፈተና አወጡ። በደብሊን በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ጎሴት በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ለትንንሽ ናሙናዎች የሚሆነውን ፈተና አሳተሙ። ሮናልድ ፊሸር በ1918 የመበታተንን ልክ ቫሪያንስ ብለው ሰየሙት፤ በ1925 ባወጡት መጽሐፍም ፈተናዎቹ ለተመራማሪ ሁሉ የሚደርሱ ሆኑ። ዬርዚ ኔይማንና ኢገን ፒርሰን በ1933 የጎደለውን ጨመሩ። ይኸውም ፈታኙ ሁለት ዓይነት ስህተት ሊሠራ እንደሚችል ነው፦ የሌለውን ልዩነት አለ ማለት፣ ያለውንም ልዩነት አላየሁም ማለት። በ1948 በእንግሊዝ በስትሬፕቶማይሲን ላይ የተደረገው የሳንባ ነቀርሳ ሙከራ ደግሞ ታካሚዎችን በዕጣ መመደብን ከእነዚህ ፈተናዎች ጋር አጣምሮ የዛሬውን መልክ አስያዘ።

የፈተናው አካሄድ ከፍርድ ቤት ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል። ተከሳሽ እስኪረጋገጥበት ድረስ ነጻ እንደሚባል ሁሉ፣ ልዩነት የለም የሚለው አልቦ መላ ምት በቅድሚያ ይያዛል። ከዚያም መላ ምቱ እውነት ቢሆን ኖሮ የታየውን ያህል ወይም ከዚያ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የሚገኘው ምን ያህል ጊዜ ነው ተብሎ ይጠየቃል። ፒ የሚባለው ቁጥር የዚህ መልስ ነው። አልቦ መላ ምቱ እውነት የመሆኑ ዕድል አይደለም፤ የሕክምናው ጥቅም መለኪያም አይደለም። ነጻ የተባለ ተከሳሽም ንጹሕነቱ ተመስክሮለታል ማለት አይደለም፤ ማስረጃው አልበቃ ብሎ ሊሆን ይችላል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በኢትዮጵያ በተግባር ታይቷል። ዶ/ር ይልቃል አዳሙና ዶ/ር ወንዱ ዓለማየሁ ሁለቱን የትሪኪያሲስ አሠራሮች በዕጣ ምደባ አነጻጽረው በ2002 በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ታካሚዎቹ ከሁለት መቶ ያነሱ፣ ክትትሉም አጭር ነበር፤ በሁለቱ መካከልም ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ በዘመኑ በነበረው አቅም በሥርዓት የተሠራ ነው። ነገር ግን በየወገኑ 76 ሰው ይኑር፣ እውነተኛው የመመለስ ድርሻም በአንዱ 22፣ በሌላው 13 በመቶ ነው እንበል። እንዲህ ያለ ጥናት ልዩነቱን የማየት ዕድሉ ሲሰላ ከመቶ 31 ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ ቢኖርም ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ሳይታይ ያልፋል ማለት ነው። ጋቫሬ የተናገሩት ይህንኑ ነበር።

በ2008 በአማራ ክልል የተጀመሩት ሁለት ሙከራዎች ይህን ትምህርት የወሰዱ ናቸው። ሳውል ራጃክና ባልደረቦቻቸው ያካሄዷቸውና በ2011 የታተሙት እነዚህ ሙከራዎች እያንዳንዳቸው 1,300 ታካሚዎችን ይዘዋል። በአንደኛው የሐር ክርና በሰውነት ውስጥ የሚሟሟ ክር ተነጻጸሩ። ጥያቄው ለገጠር ታካሚ ቀላል አይደለም፤ የሐር ክር በባለሙያ መወጣት አለበት፣ ለዚህም ታካሚዋ እንደገና መንገድ መጀመር አለባት። በአንድ ዓመት ውስጥ ፀጉር የተመለሰባቸው በሚሟሟው ክር 18.2 በመቶ፣ በሐሩ 19.7 በመቶ ሆኑ። አልቦ መላ ምቱ አልተጣለም። እዚህ ላይ ግን «ልዩነት አልተገኘም» የሚለው ቃል ከ2002ቱ ይልቅ ክብደት አለው፤ ናሙናው ትልቅ በመሆኑ ሰፊ ልዩነት ቢኖር ኖሮ ሳይታይ ማለፉ አስቸጋሪ ነበርና።

ሁለተኛው ሙከራ ይበልጥ የሚያስተምር ነው። በብዙ የገጠር ቤት የተቀለበሰ ፀጉር በወረንጦ ይነቀላል። ፀጉራቸው ከስድስት ያነሰ ሰዎች ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው ይልቅ በጥሩ ወረንጦ እየነቀሉ ቢቆዩ የከፋ ጉዳት ይደርስባቸው ይሆን? ተመራማሪዎቹ የጠየቁት «ልዩነት አለ ወይ?» ብለው አልነበረም፤ «መንቀሉ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ የሚያንሰው ከ10 በመቶ ነጥብ ባልበለጠ ነው ወይ?» ብለው ነው። ወሰኑን ውጤቱን ከማየታቸው በፊት አስቀምጠዋል። በ24 ወር ውስጥ ሕክምናው የከሸፈባቸው በመንቀል 13.2 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና 2.2 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ 11 ነጥብ፣ የ95 በመቶ የእርግጠኝነት ወሰኑም ከ8.1 እስከ 13.9 ነው። «ልዩነት አለ ወይ?» ለሚለው መልሱ ያለ ጥርጥር አዎን ነው። «ከ10 ነጥብ በላይ ያንሳል ወይ?» ለሚለው ግን ቁጥሩ እርግጠኛ መልስ አልሰጠም፤ 10 በወሰኑ መካከል ወድቋልና። በእይታም ሆነ በኮርኒያ ጠባሳ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አለ የሚያሰኝ ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናን እምቢ ላለች ታካሚ ወረንጦ ከምንም ይሻላል ማለት ይቻላል። የቀዶ ሕክምና አቻ ነው ማለት ግን አይቻልም።

ከዚያም ዋናው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቻቸው ከየካቲት 6 እስከ ግንቦት 23 ቀን 2006 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በአማራ ክልል 1,000 የትሪኪያሲስ ታካሚዎችን በዕጣ መድበው ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙ አደረጉ፤ 501 በባይላሜላር፣ 499 በፖስቴሪየር ላሜላር። ዕጣው የወጣው በእያንዳንዱ ቀዳጅ ሥር ተለይቶ ነው። የአንዱ እጅ ከሌላው ቢሰላ፣ ያ ብልጫ ለሁለቱም አሠራሮች እኩል እንዲደርስ ነው። ከስምንት ሰዎች በቀር ሁሉም ክትትል ተደርጎላቸዋል፤ ይህ ከቤት ቤት በእግር የሚደረስበትን አገር ለሚያውቅ ሰው የሚያስገርም ነው። በ12 ወር ውስጥ ፀጉር የተመለሰባቸው ከባይላሜላሩ 496 ታካሚዎች 110፣ ከፖስቴሪየሩ 496 ደግሞ 63 ሆኑ።

ስሌቱን ማንም በወረቀት ሊሠራው ይችላል። በድምሩ ከ992 ሰዎች 173ቱ፣ ማለትም 17.4 በመቶው፣ ተመልሶባቸዋል። አሠራሩ ለውጥ የማያመጣ ቢሆን ኖሮ የሁለቱም ወገን እውነተኛ ድርሻ በዚህ አካባቢ ይሆን ነበር፤ እንዲህ ባሉ ሁለት የ496 ሰዎች ናሙናዎች መካከል የሚጠበቀው የልዩነት መደበኛ ስህተትም 2.4 በመቶ ነጥብ ነው። የታየው ልዩነት 9.5 ነጥብ ነው፤ የመደበኛ ስህተቱ 3.9 እጥፍ። አጋጣሚ ብቻውን ይህን የሚያህል ልዩነት የሚያመጣው ከ10,000 ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ነው። ከፒ ይልቅ ለሥራ የሚጠቅመው ግን የልዩነቱ የእርግጠኝነት ወሰን ነው፦ ከ4.79 እስከ 14.16 ነጥብ። በመካከለኛው ግምት፣ በባይላሜላር ፈንታ በፖስቴሪየር ከሚታከሙ 11 ሰዎች ውስጥ አንዱ ፀጉሩ ከመመለስ ይድናል። በ2016 የታተመው ይህ ውጤት ለሃያ ዓመታት ያህል በመመሪያ ሲደገፍ የኖረውን አሠራር ዳግም እንዲመረመር አድርጓል።

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ስለ ድርሻ ነው። የስታቲስቲክስ መማሪያ መጻሕፍት ከድርሻ ቀጥለው የልይይትን (የቫሪያንስን) ፈተና ያስተምራሉ፤ ተማሪውም ለምን እንደሚጠቅመው ሳይገባው ያልፈዋል። ልይይት እያንዳንዱ ልኬት ከአማካዩ የራቀበት መጠን በራሱ ተባዝቶ ሲደመርና ሲካፈል የሚገኝ ነው። በትራኮማ ግን አንዱ መንደር ከሌላው የሚለይበት መጠን ራሱ የበሽታው ጠባይ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በ2006 የተጀመረውና ተሾመ ገብሬና ባልደረቦቻቸው በ2012 ያሳተሙት ሙከራ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዕጣ የተመደቡት ሰዎች ሳይሆኑ ማኅበረሰቦች ናቸው፤ አሥራ ሁለቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አሥራ ሁለቱ በዓመት ሁለት ጊዜ አዚትሮማይሲን በጅምላ እንዲታደላቸው ተደረገ። በመነሻው ከ0 እስከ 9 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የኢንፌክሽኑ አማካይ ድርሻ በመጀመሪያው ወገን 41.9 በመቶ (ከ31.5 እስከ 52.2)፣ በሁለተኛው 38.3 በመቶ (ከ29.0 እስከ 47.6) ነበር።

ከእነዚህ ወሰኖች ወደ ኋላ ሲሰላ፣ በመጀመሪያው ወገን መንደሮች መካከል ያለው መደበኛ ልይይት 16 በመቶ ነጥብ አካባቢ ይሆናል። እንደ ምሳሌ በየመንደሩ 50 ልጆች ተመርምረው ቢሆንና መንደሮቹ በእውነት አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ፣ በናሙና አጋጣሚ ብቻ የሚጠበቀው 7 ነጥብ ነው። የአንድ ልይይት ፈተና እንዲህ ይሠራል፦ የታየው ልይይት ለሚጠበቀው ተካፍሎ በ11 (ከመንደሮቹ ቁጥር አንድ ሲቀነስ) ይባዛል። ውጤቱ 60 ያህል ነው፤ የካይ-ስኩዌር ሠንጠረዥ ደግሞ ከ19.7 በላይ የሆነውን አጋጣሚ አትበሉት ይላል። መንደሮቹ አንድ አልነበሩም። ስለዚህም ልጆቹን ሁሉ እንደ ተነጣጠሉ ሰዎች ደምሮ የሚያሰላ ተመራማሪ ከእውነቱ እጅግ ያነሰ መደበኛ ስህተት ያገኛል፤ የሌለውንም ልዩነት አለ ይላል። ማኅበረሰቡ የስሌት አሐድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሁለቱ ወገኖች የመነሻ ልይይት እርስ በርሱ ሲነጻጸር ግን ጥምርታው 1.24 ብቻ ነው፤ በ12 እና በ12 መንደሮች የኤፍ ፈተና ለመጣል የሚጠይቀው 3.47 ነውና ዕጣው ወገኖቹን በአማካይ ብቻ ሳይሆን በስርጭትም አቻ አድርጓቸዋል ማለት ይቻላል።

ከ42 ወር በኋላ ኢንፌክሽኑ በዓመት አንድ ጊዜ በታከሙት ወደ 1.9 በመቶ (ከ0.3 እስከ 3.5)፣ ሁለት ጊዜ በታከሙት ወደ 3.2 በመቶ (ከ0.0 እስከ 6.5) ወረደ። በሁለቱ የዕደላ ዘዴዎች መካከል ልዩነት አልተገኘም፤ ፒ ከ0.99 በላይ፣ የልዩነቱ ወሰንም በሁለቱም አቅጣጫ 6 በመቶ ነጥብ ነበር። መቸኮል የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻዎቹ ወሰኖች የልይይት ጥምርታው ቢሰላ 4 ያህል ይሆናል፤ ከ3.47 ይበልጣል። ሠንጠረዡን ብቻ የሚያይ ሰው «ሁለት ጊዜ መታከም መንደሮችን ይበልጥ አለያያቸው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ጆርጅ ቦክስ በ1953 ያስጠነቀቁት ስለዚሁ ነው። የአማካዮች ፈተና መረጃው ከመደበኛ ስርጭት ትንሽ ቢርቅም ይችለዋል፤ የልይይት ፈተና ግን አይችለውም። ድርሻ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ስርጭቱ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፣ አብዛኞቹ መንደሮች ዜሮ አካባቢ ይከማቻሉ፣ ኢንፌክሽኑ ያልለቀቃቸው አንድ ወይም ሁለት መንደሮች ብቻቸውን ልይይቱን እጥፍ ድርብ ሊያደርጉት ይችላሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የኤፍን ሠንጠረዥ ትቶ አሥራ ሁለቱንና አሥራ ሁለቱን ቁጥሮች በዝርዝር ማየት፣ ከፍ ብሎ የቀረውን መንደር በስሙ መለየት፣ መድኃኒቱ በዚያ መንደር ለስንት ልጆች እንደደረሰም ከዕደላው መዝገብ ላይ መቁጠር ይቀድማል።